ማን ማንን ገጨ? የሁለት ጋሪዎች የሥራ ማስታወሻ ከአዳማ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ሐሙስ ማታ የሰፈራችን ባለባጃጅ ባጃጁን በሦስት ጓደኞቹ አስገፍቶ ወርክሾፔ በር ላይ አቆመልኝ። የፊት ጎማው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ መስታወቱ ረግፏል፣ አፍንጫው እንደተረገጠ ጣሳ ተጨማዷል። ልጁ ግንባሩ ላይ ከለጠፋት ፋሻ በቀር ደህና ነው። ከአይሱዙ ጋር ፊት ለፊት ነው የተላተሙት፤ ሁለቱም ቀስ ብለው ይሄዱ ስለነበር እንጂ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር።

"አይሱዙውስ?" አልኩት።

"አይሱዙው ምን ይሆናል ጋሼ! ቀለሙ ተላጠ።"

እኔም ሃያ ዓመት ብረት ስቆርጥና ስበይድ የኖርኩ ሰው፣ እንደ ዐዋቂ ራሴን ነቅንቄ "ትልቅ ነገር ሲመታህ ኃይሉ ሌላ ነው፤ አንተ እሱን የመታኸው ከቁም ነገር አይገባም" አልኩ። የእህቴ ልጅ ጥግ ላይ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ እናቷ ከገበያ እስክትመለስ እኔ ጋ ታጠናለች። ቀና ሳትል "እኩል ነው የተማቱት አጎቴ" አለች።

ሳቅን። ባለባጃጁ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ፋሻውን በጣቱ እየነካ "ይሄ ነው እኩል?" አላት። ደብተሯን ገልጣ አነበበችልን፦ ለእያንዳንዱ ድርጊት በመጠኑ እኩል፣ በአቅጣጫው ተቃራኒ የሆነ አፀፋ አለ። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ። ሸምድዳዋለች። ግን "እሺ ሚጣዬ፣ እኩል ከሆነ ባጃጁ ብቻ ለምን ተጨማደደ?" ስላት ዝም አለች። ዝምታዋ ደስ አላለኝም፤ የተሸነፈች ልጅ ዝምታ ነው።

ስለዚህ ተወራረድን። ሁለት ጋሪ እንሠራለን፣ አንዱን ቀላል አንዱን ከባድ፣ እናላትማቸዋለን፣ እያንዳንዱ የደረሰበትን ምት እንለካለን። የተሸነፈ ለሦስታችንም ስፕሪስ ይጋብዛል። ባለባጃጁ ከእኔ ወገን ነው። ባጃጁም እስኪጠገን ሥራ ስለሌለው ረዳት አገኘሁ።

ዛሬ የሠራነው ዕቃ መሰብሰብ ብቻ ነው። ሁለት ባለ 3 ሜትር አንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት) ከድሮ የመስኮት ሥራ የተረፈ ነበረኝ። ከቆራሌው ስምንት ትንንሽ ኩሽኔታና አንድ ረዘም ያለ ሞላ ገዛሁ። ኩሽኔታዎቹ በግራሶ ታፍነዋል፤ ማታ ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኳቸው።

እሑድ፣ ጥር 17

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትንሽ ሠራን። አንጎላሬዎቹን ጎን ለጎን አድርጌ፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ በቁራጭ ቱቦላሬ አያያዝኳቸው፤ ሐዲድ ሆኑ። ጋሪዎቹን ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆርጬ ለእያንዳንዳቸው አራት ኩሽኔታ በቡሎን አሰርኩላቸው። የባለሱቁ ሚዛን ላይ ስናስቀምጣቸው አንዱ 1.2 ኪሎ፣ ሌላው ለአንድ ሮንዴላ ያህል ቀለል አለ። ሮንዴላ ጨምረን አስተካከልን። ከድፍን ብረት ደግሞ ሦስት እኩል ጭነት ቆረጥኩ፣ እያንዳንዱ 1.2 ኪሎ። ሦስቱ ሲጫኑ ከባዱ ጋሪ 4.8 ኪሎ ይሆናል፤ የቀላሉ አራት እጥፍ ማለት ነው። አንዱን "አይሱዙ"፣ ሌላውን "ባጃጅ" ብለን በኖራ ጻፍንባቸው።

ሥራዬን ያስወደደኝ ግን መለኪያው ነው። እያንዳንዱ ጋሪ ፊት ለፊቱ ላይ ቀዳዳ ያለው ሳህን አለው። በቀዳዳው ዘንግ ያልፋል፤ የዘንጉ ጫፍ ላይ ሰፊ ሮንዴላ ተበይዷል፤ በሮንዴላውና በሳህኑ መካከል ሞላ አለ። ሲጋጭ ሞላው ይታመቃል፣ ዘንጉም በቀዳዳው ወደ ኋላ ይገባል። የት ድረስ እንደገባ ግን ዓይን አይይዘውም፤ ወዲያው ይመለሳል። እዚህ ላይ የጎሚስታው፣ የጎማ ጠጋኙ፣ ላስቲክ ትዝ አለኝ። ከአሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) እንደ ቀለበት ቀጠን አድርጌ ቆረጥኩና ሞላው ውስጥ ዘንጉ ላይ አጠለቅሁት፣ ከሳህኑ ጋር አስጠግቼ። ዘንጉ ወደ ኋላ ሲገባ ሳህኑ ቀለበቷን ወደፊት ይገፋታል። ሞላው ዘንጉን ሲመልሰው ቀለበቷ ዘንጉን እንደያዘች አብራው ትሄዳለች። ከዚያ በሳህኑና በቀለበቷ መካከል ያለውን ክፍተት በካሊፐር፣ በሚሊ ሜትር መለኪያዬ፣ መለካት ነው። ክፍተቱ ሞላው የታመቀበት ትልቁ ልክ ነው።

የእህቴ ልጅ በጣቷ እየገፋች አሥር ጊዜ ሞከረችው። "ይናገራል!" አለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

የመጀመሪያው ሙከራ። ውርደት።

ጋሪው 3 ሜትር ሊሄድ ይቅርና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ኩሽኔታዎቹን ናፍጣው አላጠባቸውም፤ ውስጣቸው ገና ደረቅ ግራሶ ነበር። እንደገና በቤንዚን አጥቤ የስፌት መኪና ዘይት አንዳንድ ጠብታ ሰጠኋቸው። አሁን በትንሽ ጣት ሲነኩ እየበረሩ መጨረሻው ጋ ሄደው ይጋጫሉ።

ሁለተኛው ውርደት ነፋሱ ነው። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ ሰው ያጋነንኩ ይመስለዋል። ከቀትር በኋላ በር ከፍተን ስንሠራ ባዶው "ባጃጅ" ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ መንሸራተት ጀመረ። ባለባጃጁ "ነዳጅ አይፈልግም ማለት ነው፣ ልግዛው" አለ። ከአዲስ አበባ ሲመጡ ኮረብታው ላይ የተደረደሩት የነፋስ ተርባይኖች ያለ ምክንያት እዚያ አልቆሙም። እነሱም ያው ናቸው፦ ነፋሱ ክንፉን ይገፋል፣ ክንፉም ነፋሱን መልሶ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከተርባይኑ ጀርባ ያለው ነፋስ የደከመ ነው። ለእኛ ግን ችግር ሆነብን። ከአሁን በኋላ ሥራው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ይሆናል።

ሐዲዱንም በውሃ ልክ አስተካከልኩ። አንደኛው ጫፍ በ6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ለዓይን ቀጥ ያለ ነው፣ ለኩሽኔታ ግን ቁልቁለት ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። ብየዳ የለም። ከቡና በኋላ የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጥታ ስለ ኒውተን ያነበበችውን ነገረችኝ፤ ደስ ስላለኝ እዚህ ላስፍረው።

ሰውየው ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ዝም ብሎ አልደነገገውም። ኳሶችን በረጅም ክር አንጠልጥሎ አላትሟቸዋል። የክሩ ርዝመት 10 ጫማ ነበር፤ ወደ እኛ ስንመልሰው 3 ሜትር ገደማ፣ ልክ እንደ ሐዲዳችን። ጥብቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ሱፍ፣ ብረት፣ ቡሽ፣ መስታወት፣ ሁሉንም ሞክሯል። አየሩ ኳሱን ምን ያህል እንደሚያዘገየው ለብቻው ለክቶ ከውጤቱ ያስተካክል ነበር። "እሱንም ነፋስ አስቸግሮታል" አልኳት። የሱፍ ኳሶቹ ሲጋጩ በ9 ፍጥነት ተቀራርበው በ5 ይለያያሉ። መስታወቶቹ በ16 ተቀራርበው በ15። ቁጥሮቹ ይለያዩ እንጂ አንዱ ያጣውን ሌላው አግኝቶታል፣ በሁሉም።

እዚያው መጽሐፍ ላይ የፈረስ ምሳሌ አለ፦ ፈረስ ድንጋይን በገመድ ሲጎትት ድንጋዩም ፈረሱን በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ይሄን ስሰማ ነው መከራከር የጀመርኩት። እኛ ከተማ በፈረስ ጋሪ ያደግን ሰዎች ነን። ጋሪው ፈረሱን እኩል ወደ ኋላ ከጎተተው ጋሪው ለምን ይሄዳል? እኩል ከሆኑ መጣፋት ነበረባቸው።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና "አጎቴ፣ አንተ እኔን በጥፊ ብትመታኝ፣ እኔም ያንተን እጅ በጉንጬ ብመታው፣ ሁለቱ ይጣፋሉ?" አለችኝ። "ጉንጬ ላይ ያረፈው ጉንጬ ላይ ነው ያለው። እጅህን ያቃጠለው እጅህ ላይ።" ከዚያ የፈረሱን ነገር አብረን ደረስንበት። ጋሪው ይሄድ እንደሆነ ለማወቅ ጋሪው ላይ ያረፉትን ብቻ መቁጠር ነው፦ ፈረሱ ወደፊት ይስበዋል፣ መንገዱ በትንሹ ይይዘዋል። ፈረሱ ይሄድ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ፈረሱ ላይ ያረፉትን፦ ጋሪው ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ መሬቱ ግን ኮቴውን ወደፊት ይገፋዋል፣ ምክንያቱም ኮቴው መሬቱን ወደ ኋላ ገፍቶታል። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ የገባ ፈረስ ኮቴው ሲንሸራተት ምን እንደሚሆን አይተናል። ጋሪው አልከበደም፤ መሬቱ ነው መግፋት ያቃተው።

ግን ይሄ ሁሉ ወሬ ነው። ውርርዱ በካሊፐር ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ነፋስ የለም። ሦስታችንም ተገኝተናል።

ሐዲዱ ጫፍ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ትንሽ ዳገት ሠርቻለሁ፤ ከፍታዋ 7 ሳንቲ ሜትር። ጋሪው ከዚያች ላይ ሲለቀቅ ሁሌም በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይወርዳል፣ እጅ አይገባበትም። "አይሱዙ" ከነሦስት ጭነቱ ከላይ ተለቀቀ፤ "ባጃጅ" መሀል ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጓ!

የመጀመሪያው ምት አልተቆጠረም። የሁለቱ ዘንጎች ራስ በ4 ሚሊ ሜትር ተሳስተው አንዱ ዘንግ ጠመመ። ሞርሳ ላይ አቀናሁት፣ ሰፋ ያለ ሮንዴላ በየድኩባቸው፣ እንደገና።

አምስት ጊዜ ደጋገምነው። በ"ባጃጅ" ላይ ቀለበቷ ያሳየችው፦ 19፣ 18፣ 19፣ 20፣ 19 ሚሊ ሜትር። በ"አይሱዙ" ላይ፦ 14፣ 14፣ 13፣ 14፣ 14።

አልዋሽም፣ ጮኬያለሁ። ባለባጃጁ ተነስቶ ጨፈረ። "ጋሼ፣ አልነገርኳችሁም? ምቱ ትንሹ ላይ ነው የሚበረታው!" የእህቴ ልጅ ፊቷ ቀላ። ቁጥሮቹን በደብተሯ ጻፈች፣ ሁለት ጊዜ ከታች አሰመረችባቸው፣ ምንም አላለችም። ባለባጃጁ ስፕሪስ ቤቱን መምረጥ ጀመረ፤ እሱ ፓፓያ የማይበዛበትን ነው የሚወደው።

ከዚያ ልጅቷ "ሞላዎቹን እናቀያይር" አለች።

"ለምን?"

"ዝም ብለህ አቀያይርልኝ።"

ዳዶ ፈታሁ፣ የ"ባጃጅ"ን ሞላ ወደ "አይሱዙ"፣ የ"አይሱዙ"ን ወደ "ባጃጅ" አዛወርኩ። ሌላ የተነካ ነገር የለም። ያው ዳገት፣ ያው ጭነት። ለቀቅን። በ"ባጃጅ" ላይ 14። በ"አይሱዙ" ላይ 19።

ወርክሾፑ ጸጥ አለ። ባለባጃጁ ካሊፐሩን ከእጄ ነጥቆ ራሱ ለካ። 19። ትልቁ ቁጥር ጋሪውን ትቶ ሞላውን ተከትሎ ሄዷል።

ሁለቱን ሞላዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ማን እንደዋሸን ገባኝ፤ ዋሾው እኔ ነበርኩ። ከቆራሌው የገዛሁት ሞላ አንድ ነበር፤ መሀሉን ለክቼ በግራይንደር ለሁለት ቆረጥኩት። ርዝመታቸው እኩል ነው። ነገር ግን አሮጌ ሞላ ስለሆነ አንድ ጎኑ ተለጥጦ ኖሯል። ዙሮቹን ስንቆጥር አንደኛው 18፣ ሌላው 13። ዙር የበዛለት ሞላ ልል ነው፣ ያነሰው ደግሞ ድርቅ ያለ። ይሄን ሃያ ዓመት በእጄ የማውቀው ነገር ነው! የሶፋ ሞላ ስንት ጊዜ አሳጥሬ አጠንክሬያለሁ። ልለካበት ስል ግን አላሰብኩትም።

ከዚያ መደረግ የነበረበትን አደረግን። ሞላዎቹን አንድ በአንድ አቁመን ሦስቱን ጭነቶች፣ 3.6 ኪሎ፣ ጫንባቸው። ልሉ 18 ሚሊ ሜትር ታመቀ። ደረቁ 13። ልጅቷ ስሌቱን ሠራችው፦ ልሉ በግጭቱ 19 ከታመቀ 3.8 ኪሎ የተጫነበት ያህል ነው። ደረቁ 14 ከታመቀ 3.9 ኪሎ። በሦስት ነጥብ ስምንትና በሦስት ነጥብ ዘጠኝ መካከል ያለው የካሊፐሬ ስህተት ነው።

መልሱ እንግዲህ ከመጀመሪያዋ ምት ጀምሮ እጃችን ላይ ነበር፤ እየጨፈርንበት ነበር።

እሑድ፣ ጥር 24

ልሉን ሞላ ከሌላው ጋር 13 ዙር እኩል አድርጌ ቆረጥኩ፤ ያጠረውን ርዝመት በሮንዴላ ሞላሁ። ጭነት ላይ ስንፈትናቸው ሁለቱም 13። አሁን ስሌት አያስፈልግም፣ ቀለበት ማየት ብቻ ነው።

"አይሱዙ" ሄዶ የቆመ "ባጃጅ" ሲመታ፦ 15 እና 15፣ 14 እና 15፣ 15 እና 14። ከዚያ ባለባጃጁ ያልጠበቅሁትን ጠየቀ፦ "ባጃጁ ሄዶ የቆመ አይሱዙ ቢመታስ? ያኔ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ መቺው እኔ ነኝ።" ቀላሉን ከዳገቷ ለቀቅነው። 14 እና 15። ያው ነው! ያው ፍጥነት እስካለ ድረስ ማን ሄደ ማን ቆመ ሞላው አይጠይቅም። "መቺ" እና "ተመቺ" የምንለው የትራፊክ ቋንቋ ነው፤ ሞላው ዘንድ ያለው አንድ ግጭት ነው፣ ሁለት ጫፍ ያለው። "ድርጊት" እና "አፀፋ" የሚሉት ቃላትም ትንሽ ያሳስታሉ ብዬ አስባለሁ፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ የሚመጣ፣ እንደ ስድብና መልሱ ያስመስሉታል። ቀዳሚ የለም። አብረው ይጀምራሉ፣ አብረው ያልቃሉ።

ትልቁን አንድ ጭነት ብቻ፣ ከዚያ ሁለት አድርገንም ሞከርን። ጭነቱ ሲያንስ ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ይቀንሳሉ። ተለያይተው አያውቁም።

ስፕሪሱን ከፈልኩ። ባለባጃጁ ግማሹን አዋጣ፣ ግን ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን አስቀምጦ ያንኑ ጥያቄ መለሰልኝ፦ "እሺ፣ እኩል ነው። ታዲያ የኔ ባጃጅ ለምን ተጨማደደ?"

ረቡዕ፣ ጥር 27

ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ሰረቅሁ። የእህቴ ልጅ ወንድም ስልክ በሰከንድ 240 ምስል ይቀርጻል። ሐዲዱ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር በኖራ ምልክት አደረግን፣ ጋሪው ያንን ርቀት በስንት ምስል እንደሚያልፍ ቆጠርን። መቁጠሩ ዓይን ያፈዛል፣ ግን የታየው ነገር አስደናቂ ነው።

ከግጭቱ በፊት "አይሱዙ" 50 ሳንቲ ሜትሩን በ109 ምስል አለፈ፤ በሰከንድ 1.10 ሜትር። ሞላዎቹ ተነካክተው እስኪለያዩ 20 ምስል ያህል ፈጀ፤ የሰከንድ አንድ አሥራ ሁለተኛ ማለት ነው። ዓይናችን "ጓ" ብሎ የሚያልፈው ነገር በቀስታ ሲታይ ሁለት ሞላ ተያይዘው ሲያጎነብሱና ሲነሱ ነው። ከግጭቱ በኋላ "አይሱዙ" በ170 ምስል፣ ማለትም በ0.71 ሜትር። "ባጃጅ" ከቆመበት ተነስቶ በ79 ምስል፣ ማለትም በ1.52 ሜትር።

ከባዱ ያጣው ፍጥነት 0.39 ነው። ቀላሉ ያገኘው 1.52፤ አራት እጥፍ ገደማ። በክብደታቸው ሲባዛ ከባዱ 1.87 አጣ፣ ቀላሉ 1.82 አገኘ። ይሄንን ነው ልጅቷ ሞመንተም የምትለው። የጎደለችዋን ትንሽ ነገር ኩሽኔታዎቹ በሉት ብያለሁ። በ1.10 ተቀራርበው በ0.81 ተለያዩ፤ የእኛ ሞላ እንግዲህ ከኒውተን ሱፍ ይሻላል፣ ከመስታወቱ ያንሳል።

እንግዲህ ለባለባጃጁ መልሱ እዚህ ጋ ይጀምራል። ኃይሉ እኩል ነው፣ የቆየበት ጊዜም እኩል ነው፤ ያ እኩል ኃይል ግን 1.2 ኪሎ ላይ ሲያርፍና 4.8 ኪሎ ላይ ሲያርፍ የሚሠራው ሥራ እኩል አይደለም። ለማሳየት በየጋሪው ላይ አንድ ረጅም ቡሎን በራሱ አቆምኩ፤ ሾፌር ነው እንበል። "አይሱዙ" ላይ ያለው ወዝወዝ ብሎ ቆመ። "ባጃጅ" ላይ ያለው ተወርውሮ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ባለባጃጁ ቡሎኑን ፈልጎ አነሳው፣ ግንባሩን በእጁ ነካ፣ "ይሄ እኔ ነኝ" አለ።

የመንገዱንም በወረቀት ሠራንለት። አይሱዙው ከነጭነቱ ከባጃጁ አሥር እጥፍ ይከብዳል እንበል፤ ሁለቱም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይመጡ ነበር እንበል፤ ተጣብቀውም ቀሩ። አይሱዙው ከ10 ወደ 8 ገደማ ይወርዳል፤ ሾፌሩ ፍሬን የነካ ያህል ብቻ ይሰማዋል። ባጃጁ ግን 10 ወደፊት ሲሄድ የነበረው በቅጽበት 8 ወደ ኋላ ይሄዳል። የ18 ለውጥ። ያውም በዚያች የሰከንድ ቁራጭ ውስጥ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

የቀረው መጨማደዱ ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የብረት ጉዳይ፣ የእኔ ሙያ።

ጉልት ያሉት እናት የበሰበሰ ቲማቲም በነፃ ሰጡን፤ "ለምንድነው?" ሲሉ ልጅቷ "ለፊዚክስ ነው እማማ" አለቻቸው፣ እሳቸውም "ይባርክልሽ" አሉ። ሞላዎቹን አውጥተን በየጋሪው አፍንጫ አንድ አንድ ቲማቲም ሰካን። የመጀመሪያው ጥንድ፦ ሁለቱም እኩል ጠፈጠፉ። ሁለተኛው ጥንድ፦ "አይሱዙ" ላይ ያለው ፈነዳ፣ "ባጃጅ" ላይ ያለው ጭረት የለበትም! ባለባጃጁ እንደገና ጨፈረ፤ ትልቁን አሸነፈዋ። እኔ ግን ከሞላው ትምህርት አግኝቻለሁና ቲማቲሞቹን አስቀድሜ በጣቴ ጫን ብያቸው ነበር፦ አይሱዙ ላይ የሰካሁት የላላው ነበር። እኩል ኃይል ሲመጣ የሚፈነዳው የላላው ነው፣ የትም ይሁን።

ቀጥሎ "ባጃጅ" ላይ ባዶ የለስላሳ ጣሳ፣ "አይሱዙ" ላይ ቁራጭ አንጎላሬ። ጣሳው ተጨማደደ፤ አንጎላሬው ኖራው እንኳ አልተነካም። ባለባጃጁ ጣሳውን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ፣ ከተጠገነው ባጃጁ አፍንጫ ጎን ያዘው። የባጃጅ አፍንጫ ስስ ላሜራ ነው፣ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የአይሱዙ የፊት መከላከያ ወፍራም ብረት ነው፣ ከጀርባው ሻንሲ አለ። አንድ ዓይነት ኃይል ሁለቱ ላይ አረፈ፤ አንዱ ታጠፈ፣ አንዱ አልታጠፈም።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አባቴን አስታወሰኝ። ድሮ ልጅ ሆኜ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይወስደኝ ነበር፤ ፉርጎዎች ሲገጣጠሙ ለማየት። አንዱ ተገፍቶ ይመጣና የቆመውን ይመታል፣ ጫፋቸው ላይ ያለው ወፍራም ሞላ ጠጥቶት ይመልሰዋል፣ ድምፁ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየተላለፈ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ያኔ የመጣው ብቻ የሚመታ ይመስለኝ ነበር። ግን እኮ የመጣውም እዚያው ሲቆም አይቻለሁ። ማን አቆመው?

ማታ፦ ልጅቷ ሐዲዱን ትምህርት ቤት ወስዳ ለክፍሏ ልታሳይ ነው። ጋሪዎቹ ቦርሳ ውስጥ ገቡ፣ ባለ 3 ሜትሩ ሐዲድ ግን የትም አይገባም። ባለባጃጁ በአዲስ ላሜራ የጠገንኩለትን ባጃጅ አምጥቶ ጣሪያው ላይ በገመድ አሰረው፣ ከፊትም ከኋላም ትርፉ ወጥቷል፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርን። ሂሳብ አልተቀበለም። በመንገድ ላይ ጉብታ ዘሎ አንዱ አንጎላሬ መሀሉ በ5 ሚሊ ሜትር ጎብጧል ብላ ደወለችልኝ። የሚቀናው እዚያው ነው፤ ሰኞ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ውሃ ልኬንና መዶሻዬን ይዤ እሄዳለሁ።